ሪባን የታሰረበት ዳቦ ቆሎ

ለተማርያም ጡረታ ከወጣች ወዲህ የምታስተምረው ትምህርት ራሱ ጡረታ ወጥቷል። የእጅ ሥራ መምህርት ነበረች። ወረቀት ማጠፍ፣ ክር መጠምጠም፣ ከምንም ነገር አንድ ነገር ማውጣት ለስንትና ስንት የሐረር ልጅ አሳይታለች፤ በዚያ ሙያ እንጀራ የበላ ግን አንድም አልተገኘም። እሷም በዚህ ቅር አላላትም። ልጅ እጁ ካልሠራ አፉ ይሠራል፣ ቢያንስ ያን ያህል ሰዓት ዝም አሰኝቻቸዋለሁ ትላለች።

ዘንድሮ ለገና ልጇ ገሊላ ከአዲስ አበባ ስትመጣ በስልኳ አንድ ቪዲዮ ይዛ መጣች። አንዲት ፈረንጅ ከአሮጌ ወረቀት የስጦታ ሳጥን ትሠራለች። ለተማርያም መነጽሯን አድርጋ እስከ መጨረሻው አየችውና፣ «ጠርዙን አላጠፈችውም፣ ይፈታባታል» አለች።

በማግስቱ ሥራ ተጀመረ። ቤት ከሚያሠራ የሰፈር ሰው ባዶ የሲሚንቶ ከረጢት ለመኑ፤ የመካከሉ ወረቀት ንጹሕ ነው፣ ጠንካራም ነው። ልብስ ሰፊዎች ወደሚደረደሩበት መንገድ፣ ወደ መኪና ግርግር ወርደው ከሰፊዎቹ እግር ሥር ቁርጥራጭ ጨርቅ ለቀሙና በቀጭኑ ሰንጥቀው ሪባን አደረጉት። ካለፈው ዓመት ካላንደር ኮከብ ቆረጡ። ሙጫው ከዱቄት ተፈላ፤ ከሙጫው የተረፈው ዱቄት ደግሞ ዳቦ ቆሎ ሆነ። የባቢሌ ለውዝም ገብቶበታል፤ ጣል ጣል ተደርጎ ነው እንጂ፣ ኑሮው እንደሚታወቀው ነው።

የሳጥን ጥቅም የሚታየው እዚህ ላይ ነው። ሳህን ምስጢር አይችልም። ሁለት እፍኝ ዳቦ ቆሎ በሳህን ሲላክ ሰው የሚያየው የሳህኑን ቂጥ ነው። ያው ሁለት እፍኝ ሳጥን ውስጥ ገብቶ፣ ሪባን ታስሮበት፣ ኮከብ ተለጥፎበት ሲሄድ ግን ስጦታ ይባላል። ለተማርያም ይህን ለገሊላ ስታስረዳ ጠመኔ የያዘች ይመስል እጇ ወደ ላይ ይነሣ ነበር።

ሳጥኖቹ ለገና ዋዜማ ደረሱ። ለንስሐ አባቷ ሄደ፣ ለዘመድ ሄደ፣ ለእድሩ ሰብሳቢ ለአቶ ሽመልስም ሄደ። ያልተደነቀ የለም። አቶ ሽመልስማ ሪባኑን መፍታት አሳዝኗቸው ሳጥኑን ከቴሌቪዥኑ አጠገብ አስቀመጡት፤ ዳቦ ቆሎውን እስከ ዛሬ አልቀመሱትም።

አንዱ ሳጥን የነኢማ ነበር።

ነኢማ በጀጎል ውስጥ ግንብ የምትጋራት ጎረቤቷ ናት። በሁለቱ ግቢ መካከል ባለው ግንብ ላይ ሰው ጎንበስ ብሎ የሚያልፍባት ትንሽ በር አለች። ማን እንደከፈታት የሚያውቅ የለም፤ የለተማርያም አያት ከሸዋ መጥተው ቤቱን ሲይዙም ነበረች ይባላል። በዚያች በር ሳህን ሲመላለስ ኖሯል። ለገናና ለፋሲካ ከወዲህ ይሄዳል፣ ለኢድና ለአረፋ ከወዲያ ይመጣል። ሥጋው በየቤቱ ይቀራል፤ ዳቦው፣ ሐልዋው፣ ብርቱካኑ ያልፋል። የሄደ ሳህን ደግሞ ባዶውን አይመለስም። ይህን ያዘዘ ሹም የለም፣ ስለዚህም የሻረው የለም። ቤት ውስጥ ምንም ከጠፋ ስኳር ይደረግበታል፤ ስኳር ከጠፋ አንዲት ሎሚ። እንዲህ ስለሆነ ሒሳቡ ተዘግቶ አያውቅም፤ ሁልጊዜ ከአንዷ ቤት የሌላዋ ሳህን አይጠፋም።

ለተማርያም ሳጥኑን በበሯ አሾልካ በእጇ ሰጠቻት። ነኢማ ተቀብላ አገላበጠችው፣ ከሥሩም አየችው።

«ሳህኑስ?» አለች።

«ሳህን የለውም። መመለስ አያስፈልገውም» አለች ለተማርያም፣ ኮራ ብላ።

«አላህ ይስጥልኝ» አለችና ነኢማ ገባች።

በገና ማግስት ለተማርያም በሯን ገፋ ብታደርጋት አልከፈት አለች። ትንሽ ቆይታ ደግማ ገፋች። ዝጎ ይሆናል ብላ ማጠፊያውን ዘይት ቀባችው፤ ዘይት በዚህ ኑሮ ለበር የሚሰጥ ነገር አልነበረም፣ ግን ሰጠች። በሯ ዘይቱን ጠጥታ ዝም አለች። መቀርቀሪያው ያለው በነኢማ በኩል ነው።

ነገሩ ለሌላ ሰው ቀላል ሊመስል ይችላል። ባሏ ኪዳነወልድ ያረፈ ዕለት ከእድሩም ከዘመዱም ቀድማ በዚያች በር የገባችው ነኢማ ናት። ገሊላ ፈቃዷ ሲያልቅ ወደ ሥራዋ ትመለሳለች። ከዚያ በኋላ ለተማርያም ራሷን ቢያማት ድምጿን የሚሰማ ሰው ያለው ከግንቡ ወዲያ ብቻ ነው። በሯ እንደተዘጋች ከቀረች በዚያ ቤት ብቻዋን ናት። ይህን ስታስብ ፈራች፤ ስትፈራ ደግሞ እጇ ሥራ ይፈልጋል።

«ወረቀቱ ሲሚንቶ ሲሚንቶ ሸቷት ይሆን?» አለቻት ገሊላን።

«እኛ አልሸተተንም።»

«እንግዲያው አንሶባት ነው።»

ለጥምቀት ዋዜማ ሁለተኛው ሳጥን ተሠራ። ከመጀመሪያው ይበልጣል፤ ክዳኑ ድርብ ነው፣ ሪባኑ እንደ አበባ ተቋጥሯል። ለተማርያም የነኢማን ሃይማኖት ላክብር ብላ በካላንደሩ ቢጫ ወረቀት ጨረቃ ቆርጣ ለጠፈችበት። የጥምቀት ስጦታ ላይ ጨረቃ ሲለጠፍ በሐረር ይህ የመጀመሪያው ሳይሆን አይቀርም። በሯ ስለተዘጋች በመንገድ በኩል ለነኢማ ልጅ ለሀሚድ ሰጥታ ላከችው።

ያን ዕለት ከሰዓት በኋላ ከግንቡ ወዲያ ከባድ ነገር እየተንቋቋ ሲጎተት ተሰማ። ለተማርያም በበሯ ስንጥቅ ብታጮልቅ ብርሃን የለም። የውሃ በርሜል ተደግፎባታል።

«ክዳኑን ሦስት ድርብ ማድረግ ነበረብኝ» አለች ለገሊላ።

ሦስተኛው ሳጥን ተቆርጦ ሊታጠፍ ሲል፣ ለተማርያም ከመድኃኔዓለም ስትወጣ ፈረስ መጋላ ላይ ሀሚድ ባጃጁን አቆመላት። ሀሚድ ጎልማሳ ነው፣ ሚስትና ልጅ አለው፤ እሷ ግን ስትሳፈር አሁንም እንደ ልጅ ቀስ ብለህ ንዳ ትለዋለች። ጥቂት ከሄዱ በኋላ ጠየቀችው።

«እናትህ ታማለች እንዴ?»

«ደህና ናት፣ አልሀምዱሊላህ።»

«ዳቦ ቆሎው አልተስማማትም?»

«አልቀመሰችውም።» ሀሚድ በመስታወቱ አያት፣ መልሶም መንገዱን አየ። «እትዬ ለቴ፣ እንደ እናቴ ነዎትና ይቅርታ ያድርጉልኝ። ከእንግዲህ ሳጥን ባይልኩ ደስ ይለኛል። በርሜሉን የምጎትተው እኔ ነኝ።»

«ምን አደረግኋት?»

ሀሚድ ሰው እስኪሻገር ቆመ። ሰውየው ከተሻገረም በኋላ ትንሽ ቆመ።

«ለጎረቤት በሳህን ነው የሚሰጠው፣ ዕቃው የማይመለስ ሰደቃ ነው አለች። ‹ሱቃችን ከተዘጋ ወዲህ ለቴ ከመላሾቹ አውጥታኛለች› አለች።»

«እኔ እኮ በዚህ ኑሮ ከመመለስ ላሳርፋት ብዬ ነው» አለች ለተማርያም። ካመለጣት በኋላ ነው ራሷ የሰማችው።

«እሷም እንደዚሁ ነው ያለችው» አለ ሀሚድና ማርሽ ቀየረ።

ለተማርያም እስከ ቤቷ ድረስ አሰበችበት። ነገሩ እውነት ነው። የነኢማ ባል የጨርቅ ሱቅ የተዘጋ ሰሞን፣ ለአረፋ ከወዲያ በመጣው ሳህን ላይ የነበረው ሁለት ብርቱካን ነው። ነኢማ ስትሰጣት ወደ ሌላ ቦታ ታይ ነበር። ለተማርያም ያን ጊዜ ነው በልቧ «ይህችን ሴት ከዚህ ጣጣ ማውጣት አለብኝ» ያለችው። ከዚያ ቪዲዮው መጣ፣ የራሷ ዱቄት ማነስም ታከለበት፣ ሁሉም ሳጥን ውስጥ በአንድ ላይ ገባ። ነኢማ አልተሳሳተችም። ለእሷ ማዘኗን በሪባን ሸፍናው ነበር፤ ነኢማ ግን ሳትፈታው አየችው። ለተማርያም አፈረች።

ገሊላ የይቅርታ ካርድ እንሥራ አለች። ቪዲዮም አላት።

«አይሆንም» አለች ለተማርያም።

«ሽማግሌስ?»

«ሽማግሌው አቶ ሽመልስ ናቸው። ገብተው ሳጥኑን ሲያመሰግኑ ይውላሉ።»

ረቡዕ ነበር። ለተማርያም ምሳ ቀርቦ ሳለ ነጠላዋን ለብሳ ተነሣች። በግንቡ በኩል ክንድ የማይሞላው መንገድ በጎዳናው ሲዞር ዳገት አለው፤ ነኢማ ደጅ ስትደርስ ትንፋሿ ተቆራርጦ ነበር። አንኳኳች። ነኢማ ከፈተችና አስቀድማ እጆቿን አየች።

«ባዶ እጄን ነኝ» አለች ለተማርያም።

«አየሁ።»

«ምሳ አልበላሁም።»

ነኢማ የበሩን ጠርዝ እንደያዘች ቀረች። ስንት ዘመን ተጎራብተው አንዷ ለሌላዋ እንዲህ ብላ አታውቅም። ያገራችን ሰው እየራበው «አሁን ነው የበላሁ» ይላል፣ ሦስት ጊዜ ካልተለመነ ወደ ሳህን አይዞርም። ያልጠሩት እንግዳ ሆኖ ራበኝ ማለት ነውር ነው፤ ለተማርያም ይህን ነውር ለተማሪ ስታስተምር የኖረች ሴት ናት።

«ቤትሽ ምን ሆኖ ነው?» አለች ነኢማ።

«ቤት አለ። ያንቺን ልበላ ነው የመጣሁት።»

«ያለው ሽሮ ነው። ቀጭን ነው።»

«አምጪዋ።»

ነኢማ ገለል አለችላት። ለተማርያም ገብታ መደቡ ላይ ተቀመጠች። ግድግዳው እንደወትሮው ነው፤ ስፌቱ በየተርታው፣ ጎድጓዳ ሳህኖቹ በየሚስማራቸው። ሁለቱ ሳጥኖች ጥግ ላይ ተደራርበው ተቀምጠዋል፣ ሪባናቸው እንደታሰረ ነው። ጨረቃዋ በአንድ በኩል ለቃ ተንጠልጥላለች።

ሽሮው መጣ። እውነትም ቀጭን ነበር፤ እንጀራው እየጠጣው ያልቅ ነበር። ለተማርያም በላች። ነኢማ ማዶ ተቀምጣ ስትበላ አየቻት።

«ሱቁ ሲዘጋ» አለች ነኢማ ቆየት ብላ፣ «ሰው ሁሉ በፌስታል ማምጣት ጀመረ። የአፎቻዬ ሴቶች እንኳን፣ ለሠርግም ለለቅሶም አብረውኝ የኖሩት፣ በፌስታል። ተቀበልኩ። አልሀምዱሊላህ አልኩ። የሚመጣውን ሁሉ ስቆጥር አንቺን ከፌስታሉ ውስጥ አልቆጠርኩሽም ነበር።» ወደ ጥጉ አየች። «አንቺ ጭራሽ ሪባን አሰርሽበት።»

«አጠፋሁ» አለች ለተማርያም።

«አዎ።»

«አዘንኩልሽ። አንቺ ደግሞ የሚታዘንልሽ ሴት አይደለሽም።»

«አይደለሁም» አለች ነኢማ።

ለተማርያም የመጨረሻዋን ጉርሻ በልታ እጇን ከሳህኑ ላይ አላነሣችም። ከመጀመሪያው የባሰ ነገር ልትጠይቅ ነው።

«ነኢማዬ፣ ለገሊላ ቋጥሪልኝ።»

ነኢማ አየቻት። ከዚያ ተነሥታ ወደ ማድ ቤት ገባች፤ የድስት ቂጥ ሲጠረግ ተሰማ። ተመልሳ ወጣችና ዕቃ ፈለገች። ፌስታል ነበረ፣ አለፈችው። ሁለቱን ሳጥኖች አየቻቸው፣ አለፈቻቸው። ወደ ግድግዳው ሄዳ በእግር ጣቷ ቆመችና ከላይኛው ተርታ አበባ ያለበትን ጎድጓዳ ሳህን አወረደች። ያ ሳህን ለሠርግ እንኳን አይወርድም። አቧራውን በሻሿ ጠረገች፣ ሽሮውን ገለበጠችበት፣ እንጀራ አጥፋ ከላይ አለበሰችው።

«ይሄ የእናቴ ነው» አለች ስታቀብላት። «የሰጠሁሽ እንዳይመስልሽ።»

«አልመሰለኝም።»

«ትመልሺዋለሽ።»

«እመልሳለሁ።»

«ባዶውን አይደለም።»

ለተማርያም እሺ ብላ ራሷን ነቀነቀች። ነኢማ ትኩስ ምግብ ይዘሽ በዳገቱ አትዞሪም ብላ ወደ ጓሮ መራቻት። በርሜሉ ግማሽ ድረስ ውሃ ነበረበት። ሀሚድ ስላልነበረ ሁለቱ አሮጊቶች ተጋግዘው ገፉት፣ አንድ እየገፉ ሁለት እያረፉ፤ ውሃው እግራቸውን አራሰው። ነኢማ መቀርቀሪያውን ሳበች። ለተማርያም ሳህኑን በሁለት እጇ ይዛ ጎንበስ ብላ አለፈች።

ገሊላ በትንሿ በር የገባችውን እናቷን ስታይ ደነገጠች። የለተማርያም ጫማ ርሷል፣ ፊቷም ርሷል።

«ምንድን ነው የያዝሽው?»

«ሽሮ።»

«ሽሮ ነው እንዲህ የሚያስለቅስሽ?»

«ቀጭን ነው» አለች ለተማርያም። «ነይ ብዪ፣ ሳህኑ ይፈለጋል።»