ጠፍጣፋው ደመና

ዘይቱ ፊሽካውን ከንፈሯ ላይ አድርጋ ሳትነፋው ቀረች። ከቴፒ ወጣ ብሎ ባለው የቡና ማጠቢያ፣ ዝናብ ሲመጣ አንድ ረጅም ፊሽካ ይነፋል። ያኔ ሴቶቹ ሁሉ ወደ ማድረቂያ አልጋዎቹ ሮጠው የታጠበውን ቡና ፕላስቲክ ያለብሱታል፤ የመጨረሻው አልጋ ሳይሸፈን ማንም ወደ መጠለያ አይገባም። ፊሽካውን የምትነፋው ካቦዋ ዘይቱ ናት። በስድስት ዓመት ውስጥ አንድ ቀን እንኳ ዘግይታ አታውቅም።

አሁን ግን ዓይኗ ደመናው ላይ ተተክሎ ቀረ። ደመናው ከጫካው ጀርባ ሽቅብ ወጥቶ ወጥቶ፣ አንድ ቦታ ሲደርስ አናቱ እንደ ጠረጴዛ ጠፍጣፋ ሆኖ ተዘርግቷል። ሆዱ ጠቁሯል። ልጇ ከውሰር ጠዋት የነገረቻት ይህንኑ ነበር።

ከውሰር አሥራ ሁለተኛ ክፍል ናት። ቅዳሜ ቅዳሜ ከእናቷ ጋር እየሠራች፣ የተበላሸውን ፍሬ እየለቀመች ጮክ ብላ ታጠናለች። ዛሬ ጠዋትም እንዲሁ ትቆጥር ነበር።

"ትሮፖስፌር፣ ስትራቶስፌር፣ ሜሶስፌር፣ ቴርሞስፌር፣ ኤክሶስፌር።"

"አምስት ብቻ?" አለቻት ዘይቱ። "ሰማይ ሰባት ነው። ሁለቱን የት ጣልሽብን?"

"ይሄ የአየሩ ንብርብር ነው እማዬ። የአላህን ሰማይ ማን ነካብሽ?" ብላ ሳቀች። ከዚያ በእጇ እያሳየች አስረዳቻት። "ደመናና ዝናብ ያለው እታችኛው ንብርብር ውስጥ ነው። ከሱ በላይ ያለው አየር ወደ ላይ በሄድሽ ቁጥር ይሞቃል፤ ስለዚህ ደመናውን አያሳልፈውም። ደመናው ጣሪያ እንደነካው ጭስ ወደ ጎን ይዘረጋል። አናቱ ጠፍጣፋ የሆነ ደመና ካየሽ እስከ ጣሪያው የወጣ ነው ማለት ነው። ክፉ መብረቅ ያለው እሱ ነው።"

ዘይቱ መብረቅ ትፈራለች። ባለፈው ዓመት የጎረቤቷ የጌታሁን ሚስት ሽቦ አጥር ላይ ልብስ እያሰጣች ሞታለች። መብረቁ የወረደው ራቅ ብሎ ካለ ዛፍ ላይ ነበር፤ ሽቦውን ይዞ መጣባት። የቡናው አልጋዎችም ከዳር እስከ ዳር ሽቦ ናቸው። ፕላስቲኩን ለማሰር ደግሞ ሁለቱም እጅ ሽቦውን መያዝ አለበት።

ነጎድጓዱ አጉረመረመ። አንዳንዶቹ ሴቶች ፊሽካውን ሳይጠብቁ ፕላስቲክ መጎተት ጀምረዋል። ከውሰርም እስከ መጨረሻው አልጋ ሮጣ ጎንበስ ብላለች። የተማረችውን ታውቃለች፣ ግን ቡናው የእናቷ ኃላፊነት ነውና እጇ ከሽቦው ላይ ነበር።

ዘይቱ ሦስት ጊዜ አጭር አጭር አድርጋ ነፋች። ይህ ሥራ አቁመው የሚገቡበት የምሳ ፊሽካ ነው፤ ምሳ ከተበላ ደግሞ ሁለት ሰዓት አልፎታል። ሴቶቹ ግራ ገብቷቸው ተያዩ።

"ልቀቁት! ወደ መጋዘን ግቡ! ከውሰር፣ እጅሽን አንሺ!"

መጋዘኑ ውስጥ ሃያ ሁለት ሴቶች ተጨናንቀው ቆሙ። "ግድግዳውን አትደገፉ፣ ቆርቆሮ ነው" አለች ከውሰር ጥርሷ እየተንገጫገጨ። ብልጭታው በበሩ ገብቶ የሁሉንም ፊት አነጣው፤ ድምፁ ወዲያው ተከተለ፤ መሬቱ ተንቀጠቀጠ። ዓለምሸት "በኢየሱስ ስም" አለች። ዘይቱ "ላ ኢላሃ ኢለላህ" ትል ነበር። አንዷ ከኋላ "በሁለቱም በኩል ተይዟል፣ አይዟችሁ" ብትልም የሳቀ አልነበረም። ዘይቱ የልጇን እጅ እንደያዘች የሸራ ጫማዋን እያየች ቆየች።

ዝናቡ ቀነስ ሲል የማጠቢያው ኃላፊ ታፈሰ ከቢሮው እየሮጠ መጥቶ ገባ። ካፖርቱ ውኃ ያንጠባጥባል።

"ዘይቱ፣ ምን ነክቶሽ ነው? አሥራ አራት አልጋ ክፍቱን ነው ያለው።"

"መብረቁን ፈርቼ ነው አቶ ታፈሰ።"

"የታለ መብረቁ? አንድ እንጨት እንኳ መታ?" ድምፁ ከቁጣ ይልቅ ልመና ይመስል ነበር። "እንዲህ ረጥቦ ካደረ ይሻግታል። ለኤክስፖርት አይሆንም። ባለቤቱ ነገ ይመጣል፣ ምን ልበለው? አሁን አባርቷል፣ ንፊና እንሸፍነው። ካልነፋሽ ካቦነቱን ለሌላ እሰጣለሁ።"

ዘይቱ ይህ ሥራ ከእጇ ከወጣ ሌላ የላትም። ተሳስታስ ከሆነ? እውነትም የተመታ ነገር የለም። ቡናው ብቻ ነው የተበላሸው።

"እሺ፣ እኔው እወጣለሁ" አለ ታፈሰ።

ከውሰር ወደ እናቷ ጆሮ ተጠጋች። "እማዬ፣ ምናልባት እኔ ተሳስቼ ይሆናል። ሞዴል ፈተና ላይ ጂኦግራፊ ግማሽ እንኳ አላመጣሁም። በቃ ንፊው።"

ዘይቱ ዞራ አየቻት። እንዳልተሳሳተች ሁለቱም ያውቃሉ፤ አሁን የፈራችው ለእናቷ እንጀራ ነው። ዘይቱ ይህን ስታይ ከመብረቁ ይልቅ ይኸኛው አንጀቷን በላው።

ከጫካው ወዲያ እንደገና አጉረመረመ።

"ከመጨረሻው ነጎድጓድ በኋላ ለመውጣት ስንት ደቂቃ መጠበቅ ነበር ያልሽኝ?"

"ሠላሳ።"

ዘይቱ ፊሽካውን ከአንገቷ አውልቃ ከልጇ አንገት ላይ አጠለቀችው።

"ሠላሳው ሲሞላ አንቺ ንፊው" አለቻት። ከዚያ የቡና ጆንያ ጎትታ በሩ መሃል አነጠፈችና፣ ታፈሰ የሚያልፍበት ቦታ ሳታስቀር ተቀመጠች።