ሃያ ሁለት ዓመት የሠራው ሟች

ነርሷ ወደ ክር ፋብሪካው መዝገብ ቤት የሄደችው እናቷ ስለለመነቻት ነው። እናት «አባትሽ ሳትወለጂ ሞተ» እየተባለች አድጋ፣ ስልሳ ሰባት ዓመት ከሞላት በኋላ አንዲት የድሮ ጎረቤት «ኧረ ፋብሪካ ሲሠራ አውቀዋለሁ» ብላ እንቅልፍ ነሳቻት።

«ትቶኝ ይሁን አጥቶኝ፣ እሱን ብቻ አውቄ ልሙት» አለች ልጇን።

የመዝገብ ቤቱ ሠራተኛ አቧራ የጠጣ ማኅደር አውጥቶ ዘረጋላት። ነርሷ የቤተሰቡን የዘር ሐረግ ደብተር አጠገቡ አስቀመጠች። በደብተሩ አያቷ የሞተው እናቷ ከመወለዷ አራት ወር ቀድሞ ነው። በማኅደሩ ግን ከዚያ ወዲህ ሃያ ሁለት ዓመት ሠርቶ ጡረታ ወጥቷል። ስሙ፣ የአባቱ ስም፣ የትውልድ ቀኑ ሁሉ አንድ ነው።

«የናንተ ሟች ታታሪ ነው» አለ ሠራተኛው። «አንድ ቀን እንኳ አልቀረም።»

ነርሷ መሳቅ አቃታት። ደብተሩን የጻፈው የእናቷ አጎት ነው፤ እናቷን ያሳደጋት፣ ዛሬ ደግሞ እናቷ የምትጦረው። በረንዳ ላይ ፀሐይ ሲሞቅ አገኘችው።

«አባባ፣ አያቴ በዚህ ቀን እንዳልሞተ ያውቃሉ?»

«አሳምሬ።»

«ታዲያ ለምን ጻፉት?»

«እርጉዝ እህቴን ትቶ የወጣበት ቀን ነዋ። በኔ ደብተር የተጣላኝ ሰው በተጣላን ቀን ይሞታል። ታናሽ ወንድሜን እይው፣ አጥር ሲገፋኝ ነው የሞተው። ባለፈው ሳምንት ገበያ አየሁት፤ ወፍሯል።»

«ፋብሪካው እኮ ከዚህ ሁለት ፌርማታ ነው።»

«ለእሱስ ሁለት ፌርማታ አይደለም?»

«አንድም ቀን አልመጣም?»

ሽማግሌው ከዘራውን ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው አዛወረ።

«አንዴ መጥቷል። ልጅቷ ሞታለች አልኩት።»

እናት በሩ ላይ ቆማ ነበር። የቀትሩን የዓይን ጠብታ ልታደርግለት መውጣቷ ነው።

«ስንት ዓመቴ ነበር፣ ጋሼ?»

«ሦስት።»

«የት ነበርኩ?»

«ጓሮ ስትጫወቺ።» ድምፁ አነሰ። «ይወስድሽ መስሎኝ ነው፣ ልጄ። እናትሽ ሞታ፣ አንቺንም ከወሰደሽ ማን ይቀረኝ ነበር?»

ሽማግሌው እንደ ወትሮው ራሱን ወደ ኋላ ጥሎ፣ ዓይኑን ወደ ሰማይ ከፍቶ ጠበቃት። እናት ግን የጠብታውን ብልቃጥ ለነርሷ አቀበለቻት።

«አንቺ አድርጊላቸው» አለች። «የኔን እጅ ዛሬ አላምነውም።»