ወደ ላይ ነው ወይስ ወደ ታች?

ፀጉር አስተካካዩ እጁ የታመነ ሰው ነው። ምላጭ ይዞ ጉሮሮ ላይ ሲመላለስ ደንበኛው ያንኮራፋል እንጂ አይሰጋም። ጣጣው የመጣው እግሩም እንደ እጁ የሚታዘዝለት መስሎት ነው። እጅና እግር አንድ ጌታ ቢኖራቸውም አንድ ጠባይ የላቸውም፤ ይህን እስኪረዳ አንድ ቅዳሜና አንድ እሁድ ፈጅቶበታል።

ሰውዬው በሥራ ቀን ፀጉር ያስተካክላል፤ የዕረፍት ቀኑ ሲደርስ ሞተር ሳይክል ይወዳደራል። ውድድር ሲባል ስም የሚያስጠራ እንዳይመስላችሁ። ቧንቧ ሠሪው፣ የጥርስ ሐኪሙ፣ የባንክ ገንዘብ ተቀባዩ ቆዳ ልብስ ለብሰው የሚቀዳደሙበት የአማተሮች ጨዋታ ነው። በሜዳው ሕግ ጀማሪ ሁሉ ከቆዳ ልብሱ ላይ ብርቱካናማ ሰደርያ ይደርባል። ትርጉሙ "ይህ ሰው የሚያደርገውን አያውቅምና ራቅ በሉለት" ማለት ነው። ሰደርያው የሚወልቀው ጀማሪው በአንድ ዓመት ውስጥ የተመደበለትን ያህል ውድድር ሳይወድቅ ሲጨርስ ብቻ ነው። ፀጉር አስተካካዩ አንድ ውድድር ይቀረዋል፤ ያ አንዱ ደግሞ የዓመቱ መጨረሻ ነው። ከወደቀ እስካሁን የለፋበት ሁሉ ውኃ ይበላዋል፤ ከርሞ ከ"ሀ" ይጀምራል። ከርሞ የሚባል ነገር እንደሌለ ደግሞ ሚስቱ ቁርጡን ነግራዋለች።

"ዘንድሮ ካወለቅከው እሰየው፣ እኔም አጨበጭባለሁ" አለችው። "ካላወለቅከው ግን ሰደርያውን የወለል መወልወያ፣ ሞተሩን የሰው ንብረት አደርገዋለሁ። እኔ ባል እንጂ ጀሶ አላገባሁም።"

የሞተሩ ሐኪም የሚስቱ ታናሽ ወንድም ነው። ጋራዥ ውስጥ ያደገ፣ ኪሱ ሲፈተሽ ብሎን ሳይገኝበት ቀርቶ የማያውቅ ሰው ስለሆነ ስሙ ብሎን ሆኖ ቀረ። የእህቱን ባል "ጋሼ" እያለ ያከብረዋል፤ ሞተሩንም ይወደዋል። ከሁለቱ ማንን እንደሚያስበልጥ ደፍሮ የጠየቀው የለም።

ስለዚህ ቤተሰብ ሳይነገር የማይታለፍ አንድ ነገር አለ። ሲጣሉ ጩኸታቸው ላንድ አፍታ ነው፤ ኩርፊያቸው ግን ይሰነብታል። ኩርፊያውም ደንብ አለው። ያኮረፈ ሰው ሥራ አያቆምም፤ ምግብ ያቀርባል፣ በር ይከፍታል፣ የታመመ ያስታምማል። ቃል ብቻ አይወጣውም። መናገር ግድ ሲሆን በመሃል ሰው ይላካል፤ "ንገሪው፣ ሸሚዙ ተተኩሷል" ወይም "ንገሪው፣ እራት ቀርቧል።" መልእክተኛዋ ምን ጊዜም ሚስቱ ናት። ፀጉር አስተካካዩ በጋብቻ የገባ ቢሆንም በዚህ ሙያ ተወላጆቹን ያስንቃል።

ቅዳሜ ጠዋት ድንኳናቸውን ተክለው ሞተሩን ከመኪናው ጀርባ እንዳወረዱ ብሎን ሳቁን መደበቅ አቃተው።

"ጋሼ፣ ማርሽህን እንደ ትልልቆቹ ገለበጥኩልህ!"

ነገሩ እንዲህ ነው። የሞተር ማርሽ የሚቀየረው በግራ እግር ነው። በመንገድ ሞተር ላይ ለመጀመሪያው ማርሽ ወደ ታች ይረገጣል፤ ከዚያ በኋላ ለመጨመር ወደ ላይ ይነሳል፣ ለመቀነስ ይረገጣል። ትልልቆቹ ተወዳዳሪዎች ይህን ይገለብጡታል፤ አንስተው ይጀምራሉ፣ እየረገጡ ይጨምራሉ። ሞተሩ በግራ ኩርባ ላይ ተጋድሞ ሳለ ከማርሹ ሥር ጫማ ማስገቢያ ቦታ ስለማይገኝ ነው።

"የድሮህን ግልባጭ ማድረግ ነው፤ ቀላል ነው" አለ ብሎን።

"ቀላል ነው" አለ ፀጉር አስተካካዩም፣ ሳያስብበት።

በልምምዱ የመጀመሪያዎቹ ዙሮች እግሩ የተባለውን ሲያደርግ ቆየ። ሞተሩ ቀጥ ባለው መንገድ ላይ ሲበር፣ ነፋሱም ደረቱን ሲገፋው ግን እግሩ የተነገረውን ረስቶ የለመደውን አደረገ። ለኩርባው ፍጥነት ልቀንስ ብሎ ረገጠ። ማርሹ ጨመረ። ኩርባው ወደ ቀኝ ሲታጠፍ እሱ ቀጥ ብሎ አሸዋው ውስጥ ገባ። አልወደቀም፤ ጎማው እስከ ወገቡ ተቀብሮ እንደ ሐውልት ቆመ። ደግነቱ ልምምድ አይቆጠርም። ሜዳ ጠባቂዎቹ ጎትተው ሲያወጡት ጥርሱ ውስጥ ሳይቀር አሸዋ ነበር።

"ማን ንካ አለህ?" አለ ድንኳኑ ጋ እንደደረሰ፣ ሄልሜቱን ገና በቅጡ ሳያወልቅ። "እህትህን ባል አልባ ልታስቀራት ነው?"

"ጋሼ፣ ለአንተው ብዬ እኮ…"

"ከአሁን ወዲያ ስለዚህ ሞተር አንዲት ቃል እንዳትተነፍስብኝ! አንዲት!"

ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። ብሎን ከንፈሩን ነከሰ፣ ጨርቁን አነሳ፣ ከሞተሩ ላይ አሸዋውን ይጠርግ ጀመር። ኩርፊያው ገባ። መልእክተኛዋ ደግሞ ቤት ናት፤ የምትመጣው እሁድ ነው።

ፀጉር አስተካካዩ ንዴቱ ሲበርድለት ነገሩን በደንብ አየው። ጥፋቱ የእግሩ እንጂ የብሎን አይደለም። በኩርባው ላይ የሚያልፉትን ሁሉ ልብ ብሎ ሲመለከት እውነትም ትልልቆቹ እየረገጡ ነው የሚጨምሩት። "ይቅርታ፣ አበጀህ" ማለት ነበረበት። ከይቅርታ ይልቅ ግን ልምምድ ቀለለው። ከድንኳኑ ጀርባ ተጣጣፊ ወንበር ላይ ተቀመጠና ግራ እግሩን በፊቱ ባለው ወንበር ብረት ላይ አድርጎ መለማመድ ያዘ። ርገጥ፣ ጨምር። አንሳ፣ ቀንስ። ርገጥ፣ ጨምር። ከሰዓቱን በሙሉ እንዲህ ሆነ። እራት ሲቀርብም እግሩ ከጠረጴዛው ሥር አላረፈም፤ ጉልበቱ እየነጠረ ብርጭቆውን ያንቀጫቅጨው ነበር።

ብሎን ጉልበቱን አየ። አይቶም ማላመጡን አቆመ። ከዚያ ተነስቶ ከመኪናው ብርድ ልብስ አመጣና አንዲት ቃል ሳይወጣው ጉልበቱ ላይ ጣል አደረገለት። ፀጉር አስተካካዩ ግራ ገባው። ፀሐይዋ ገና አልጠለቀችም፣ ብርድም የለም። ብርድ ልብሱን ግን አልመለሰም፤ መመለስም መናገር ነው።

እሁድ ጠዋት ጭጋግ ወርዶ ነበር። ተወዳዳሪዎች ሁሉ ለመመሪያ ተጠርተው ሄዱ። ዳኛው ስለ ባንዲራዎቹ ቀለም ሲያብራራ የፀጉር አስተካካዩ እግር መሬት ላይ ትምህርቱን ይከልስ ነበር። ርገጥ፣ ጨምር። በመጨረሻም ዳኛው በጭጋጉ ምክንያት የማሟሟቂያው ዙር መሰረዙን፣ ሞተሮቹ እየተገፉ መነሻው መስመር ላይ እንደሚቆሙ ተናገረ።

ሲመለስ ብሎን እጁ በግራሶ ተለውሶ ቁልፎቹን እየሰበሰበ ነበር። አየት አደረገው፣ አፉን ከፈተ፣ መልሶ ገጠመው። በጣቱ ማርሹን አመለከተው። ፀጉር አስተካካዩ "ዛሬም ሊያስታውሰኝ ነው" ብሎ ተናደደና ፊቱን አዞረ። ብሎን እጁን በጨርቅ ጠርጎ ሰደርያውን አለበሰው፤ የግራና የቀኝ ጎኑን ማሰሪያዎች በነፋስ እንዳይራገቡ አድርጎ ቋጠረለት። ከዚያ ስልኩን ጆሮው ላይ ለጥፎ ወደ መኪና ማቆሚያው ሮጠ። ውድድር ሊጀመር ሲል ሰው ስልክ ያወራል? ፀጉር አስተካካዩ ሞተሩን ብቻውን እየገፋ ወጣ።

መነሻው መስመር ላይ ከሁሉ ኋላ ቆመ። ጆሮው በጥጥ ተደፍኗል፣ ጭንቅላቱ ሄልሜት ውስጥ ነው፣ ዙሪያው የሞተር ጩኸት ነው። ዞር ሲል ሚስቱን ከሽቦ አጥሩ ማዶ አያት። አፏ ይከፈታል ይዘጋል፤ የሚሰማ ነገር የለም። እጁን አውለበለበላት። እሷ ግን አላውለበለበችም። ግራ እግሯን አነሳችና ጫማዋን አሳየችው። ከዚያ መዳፏን ዘረጋች፣ ገለበጠችው። ደግማ ጫማዋን አሳየች፣ ደግማ መዳፏን ገለበጠች።

አዲስ ጫማ ነው እንዴ የገዛችው? ወይስ እንዳትገለበጥ ማለቷ ነው? አውራ ጣቱን አንስቶ "እሺ" አላት። እሷ ሁለት እጇን ራሷ ላይ ጫነች። ይህም ምን ማለት እንደሆነ አልገባውም፤ መብራቱ ቀይ ሆነ።

ፍሪሲዮኑን ያዘ፣ በተማረው መሠረት ማርሹን ወደ ላይ አነሳ፣ ነዳጅ ሰጠ። መብራቱ ጠፋና ሁሉም ተፈተለኩ። የእሱ ሞተር ግን አቃሰተ፣ ተንገጫገጨ፣ ሊጠፋ ደረሰ። እንደምንም ተንቀሳቀሰ። "ጨምር" አለ ለራሱ፤ ጨምር ማለት ርገጥ ነው፤ ረገጠ። ሞተሩ ጮኸ፣ የኋላው ጎማ ወዲያና ወዲህ ተወራጨ፣ ሰውዬው ከመቀመጫው ተፈናጥሮ የነዳጅ ታንኩን አቀፈው። ሊወድቅ ጥቂት ቀርቶት ተመለሰ። ደግሞ ረገጠ፤ ምንም የለም። በእልህ ደግሞ ረገጠ፤ ምንም።

የሚይዘው የሚጨብጠው ጠፋው። ማርሹ ተሰበረ? ወይስ ያ ሁሉ ልምምድ በአንድ ሌሊት በነነ? ወይስ እየረገጠ የመሰለው እያነሳ ነው? በጭንቀት እግሩ ራሱ ፈርዶ ማርሹን ወደ ላይ አነሳው። ሞተሩ እፎይ አለ። አንስቶ እንዴት ጨመረ? ደግሞ አነሳ፤ ይበልጥ ለቀቀለት። ያኔ የሚስቱ መዳፍ ትዝ አለው። ጫማ፣ መገልበጥ። ማርሹ ተገልብጧል!

መረዳቱ ግን አልጠቀመውም። የተገለበጠው ተገልብጦ ከሆነ የድሮው ነው ማለት ነው። የድሮው የቱ ነበር? ትናንት ከሰዓት በኋላ ያን የድሮውን ከእግሩ ውስጥ ለማውጣት ስንት ደክሟል። ደግሞስ እሷ የተገለበጠው ተመልሷል ማለቷ ነው ወይስ ዳግም ሌላ ነገር ሆኗል? ኩርባው እየመጣ ነው፣ ያው የትናንቱ፣ አሸዋውም አፉን ከፍቶ ይጠብቀዋል። "በቃ" አለ ሄልሜቱ ውስጥ ጮክ ብሎ፣ "የትኛውም ማርሽ ይሁን፣ አልነካህም!" ግራ እግሩን ከማርሹ አርቆ አንሳፈፈው።

እንዲያ ሆኖ ውድድሩን ቀጠለ። በአንዲት ማርሽ፣ በኩርባ ላይ በፍሬን፣ በቀጥታው መንገድ ላይ ሞተሩ እየጮኸ "ጨምርልኝ" ብሎ እየለመነው። "የፈለግከውን በለኝ፣ አልጨምርልህም" ይለው ነበር። ፊተኞቹ ዞረው ደረሱበት፤ መንገድ ልቀቅ የሚለው ሰማያዊ ባንዲራ ተውለበለበለት፤ ጥጉን ይዞ አሳለፋቸው። ቧንቧ ሠሪው ሲያልፈው ወደ ኋላ ዞሮ አየው። በመጨረሻው ዙር እግሩ በልማድ ወደ ማርሹ ሲሄድ ያዘውና፣ እንደ ባለጌ ልጅ እየገሠጸ መለሰው። የማብቂያው ጥቁርና ነጭ ባንዲራ ሲወዛወዝለት አውለብላቢው ሰልችቶት ተቀምጦ ነበር።

ወደ ድንኳኑ ገብቶ ሞተሩን ሲያጠፋ ዳኛው ቀድሞ ጠበቀው።

"ጨረስኩ?" አለ ፀጉር አስተካካዩ፣ ከሞተሩ ሳይወርድ።

"የመጨረሻ ወጥተሃል። ግን አልወደቅክም፣ ማንንም አልነካህም። ሰደርያውን አውልቅና ስጠኝ" አለ ዳኛው እጁን ዘርግቶ።

ሚስቱ እየሳቀችም እያለቀሰችም መጥታ ማሰሪያዎቹን ያዘች። ቋጠሮው ግን የብሎን ቋጠሮ ነው፤ ላብም ገብቶበታል። ጎተተች፣ በጥርሷ ሞከረች፣ ጥፍሯ ተሰበረ። ብሎን ራቅ ብሎ እጆቹን አጣምሮ ቆሟል።

"ንገሪው…" ሲል ጀመረ ፀጉር አስተካካዩ።

"አልነግርም!" አለች። "ጠዋት ደውሎ 'ማርሹን መልሼዋለሁ፣ ንገሪው' አለኝ። አጥር ላይ ተንጠልጥዬ እንደ ዲዳ ስወራጭ አየኸኝ። ከዛሬ ጀምሮ የማንንም ቃል አልሸከምም። አፍ አላችሁ።"

ሄዳ ወንበሩ ላይ ተቀመጠች። ዳኛው እጁን እንደዘረጋ ነው። ዝም አይነቅዝም ይባላል፤ የእነዚህ ሰዎች ዝምታ ግን ሰው ሊገድል ምንም አልቀረውም ነበር። ፀጉር አስተካካዩ ፈራ፤ ኩርባው ላይ ከፈራው የበለጠ አሁን ፈራ።

"ብሎን" አለ። "ለምን አልነገርከኝም?"

"አንዲት ቃል እንዳትተነፍስ አልከኛ።"

"ታዲያ ለምን መለስከው?"

"እግርህ ሲንቀጠቀጥ አይቼ ነዋ" አለ ብሎን። "ምላጭ ይዞ የማይንቀጠቀጠው ሰውዬ… እኔ ነኝ ፍርሃት የለቀቅኩበት ብዬ። እራት እንኳ አልወረደልኝም።"

"እየተንቀጠቀጥኩ አልነበረም እኮ! የሠራህልኝን እየተለማመድኩ ነበር!"

 ሁለቱም አንድ ላይ ወደ ፀጉር አስተካካዩ ግራ እግር ተመለከቱ፤ እግሩ አሁንም መሬት ሳይነካ እንደ ተንሳፈፈ ነበር።

"አበጀህ ልልህ ነበር የሚገባኝ" አለ ፀጉር አስተካካዩ። "ትናንት።"

ሁለት እጁን ወደ ላይ አነሳ። ብሎን መጣና ቋጠሮውን ይፈታ ጀመር። ላብ የገባበት ቋጠሮ ስለሆነ ቆየበት። ፀጉር አስተካካዩ እንደ ደንበኞቹ ዓይኑን ጨፍኖ ጠበቀው። ሰደርያው ወልቆ ለዳኛው ሲሰጥ ሚስቱ በተሰበረ ጥፍሯ አጨበጨበች።

"ጋሼ፣ ለከርሞ ማርሹን በየትኛው ላድርግልህ?" አለ ብሎን።

ፀጉር አስተካካዩ እግሩን ወደ ላይ አነሳ፣ ወደ ታች አወረደ፣ ደግሞ አነሳ። የቱ የቱ እንደነበር ጨርሶ ጠፍቶበታል።

"የፈለግከውን አድርገው" አለ። "ብቻ ንገረኝ።"