ከኦራሉ የተቆረጠው ድምፅ

ዓያንቱ መቱ ላይ የልጆች ሙዚየም እንድትሠራ ስትታዘዝ መጀመሪያ ያደረገችው ሜትር ይዛ መዋዕለ ሕፃናት መሄድ ነበር። የአምስት ዓመት ልጅ እጁ የት ድረስ እንደሚደርስ፣ ቆሞ ሲያይ ዓይኑ ምን ያህል ከፍታ ላይ እንደሚያርፍ ለካች። የተሰጣት ቀድሞ ቡና ይከማችበት የነበረ አሮጌ አዳራሽ ነው። ስምንት ዓመት ሳይንስ ስታስተምር የተመኘችውን ሁሉ እዚያ ልትሠራ ተነሣች። «አትንኩ» የሚል ጽሑፍ አንድም ቦታ እንዳይለጠፍ ወሰነች። ልጆች ውኃ እየገደቡ የሚለቁበት ቦይ፣ በመስታወት የሚታይ የንብ ቀፎ፣ እጃቸውን ከትተው የያዮን ጫካ ፍሬዎች በመዳሰስ የሚለዩበት ሣጥን ነደፈች።

ከሁሉም የወደደችው ግን ኦራሉን ነበር። በሰባ ሰባቱ ድርቅ ከወሎ ሰው ጭኖ የመጣውን ዓይነት የጭነት መኪና በእንጨት አሠርታ ልጆች እንዲሳፈሩበት አሰበች። መሪውን ሲያዞሩት ግድግዳው ላይ ባለው ካርታ ደሴ፣ አዲስ አበባ፣ ጅማ፣ በደሌ፣ መቱ እያለ አምፖሉ በየተራ ይበራል። ካስተማረቻቸው ልጆች ብዙዎቹ የሰፋሪ የልጅ ልጆች ነበሩ፤ አያቶቻቸው እንዴት እንደመጡ ግን አንዱም አይነግራትም።

እንጨቱን የሚሠራላት አምባው የሚባል አናጢ ነው። አርባውን አጋምሷል፤ ሥራ እንጂ ወሬ አያበዛም። ንድፉን ተቀብሎ ብዙ አየው።

«ስንት ልጅ ይይዛል?» አላት።

«ስምንት። ከዚያ ከበለጡ ይገፋፋሉ፣ ጋሼ አምባው።»

«እኛ ሰባ ነበርን። አግዳሚም አልነበረውም» አለና መጋዙን አነሣ።

ዓያንቱ ደነገጠች፤ ወዲያው ደግሞ ደስ አላት። በዚያ ደስታዋ ኋላ ብዙ አፍራለች። ታሪኩን ራሱ እንዲናገር፣ ልጆቹም ቁልፍ ሲጫኑ ድምፁን እንዲሰሙ ለመነችው። ሁለት ሳምንት እምቢ ብሎ ቆየ። አንድ ከሰዓት በኋላ ግን ሥራውን አቁሞ፣ «እሺ፣ ቅጂኝ» አላት።

«የሰባት ዓመት ልጅ ነበርኩ» ብሎ ጀመረ። ኦራሉ ላይ ሲወጡ የአባቱ ጋቢ ብረት ይዞት እንደተቀደደ፣ ሰዉ ቆሞ እንቅልፍ ይወስደው እንደነበር፣ ጅማን ሲያልፉ ያን ያህል ዛፍ ባንድ ላይ አይቶ እንደማያውቅ ተናገረ። ከዚያ መጋዙን አንሥቶ መልሶ አስቀመጠው። ዓያንቱ መቅጃውን አላጠፋችም።

«እህቴ ሻሽቱ አራት ዓመቷ ነበር። ከበደሌ ወዲህ እናቴ ጀርባ ላይ ሞተች። ሾፌሩ ለመቅበር ያህል ቆመልን፤ ምልክት ለማድረግ ያህል ግን አልቆመም። ቦታውን እስከ ዛሬ አናውቀውም።»

ቀሪውን ከጨረሰ በኋላ ላቡን ጠረገ። «እናቴ ከዚያ ወዲህ ስሟን ጠርታ አታውቅም። እኔም አፌን ሞልቼ ስጠራት ዛሬ መጀመሪያዬ ነው። ሙዚየሙ ሲከፈት አመጣታለሁ፤ ትስማው።»

ሙዚየሙን የሚያሠራው ኮሚቴ ሰብሳቢ አቶ ፋኦል ቅጂውን ሰምተው ራሳቸውን ያዙ። ክፉ ሰው አልነበሩም። «ዓያንቱ፣ ለአምስት ዓመት ልጅ እኮ ነው! በር ላይ በሞት ልንቀበላቸው ነው?» አሏት። እሷም ብትሆን ከሳቸው የራቀ ሐሳብ አልነበራትም። ለሙከራ ካስገባቻቸው ልጆች አንዱ፣ ሂካ የሚባል፣ ድምፁን ሰምቶ ሲያለቅስና ኦራሉ ላይ አልወጣም ሲል አይታለች። ስለዚህ ቆረጠችው። አሁን ድምፁ ከዛፎቹ ተነሥቶ በቀጥታ «መቱ ደረስን» ወደሚለው ይሻገራል። መጋጠሚያው አይታወቅም፤ ጥሩ አድርጋ ነበር የሠራችው። ዛሬ ለአምባው እነግረዋለሁ፣ ነገ እነግረዋለሁ ስትል ቀኑ ደረሰ።

በመክፈቻው ዕለት አምባው እናቱን ከሚኖሩበት ከኡካ በሚኒባስ ይዞ መጣ። እማማ ወርቄ አዲስ ነጠላ ለብሰዋል። ዓያንቱ ስታያቸው ሮጣ ልትነግራቸው ስትል እንግዶቹ በጥያቄ ያዟት። አምባው እናቱን ደግፎ ኦራሉ ላይ አወጣቸው። አግዳሚው የልጅ ነውና ጉልበታቸው ደረታቸው ጋ ደረሰ።

«አሁን ስሚ፣ እማ» ብሎ ቁልፉን ተጫነ።

ድምፁ ወጣ። ጋቢው ተቀደደ፣ ዛፉ ታየ፣ መቱ ተደረሰ። አሮጊቷ ጠበቁ።

«አለቀ?»

አምባው ደግሞ ተጫነው። ያው ነው።

«የሷን ትሰሚያለሽ ብለኸኝ አልነበር?»

«ብዬሽ ነበር፣ እማ።»

እማማ ወርቄ የኦራሉን ጠርዝ በእጃቸው ያዙ። «እዚህም ጥለዋት ሄዱ?» አሉ።

አምባው ቀና ብሎ በሕዝቡ መሀል ዓያንቱን አያት። እናቱን አውርዶ ይዟቸው ወጣ።

በማግስቱ እሑድ ዓያንቱ ኡካ ሄደች። አምባው አጥር ግቢው በር ላይ ተቀበላት፤ «ግቢ» ግን አላላትም።

«ጋሼ አምባው፣ ይቅር ይበሉኝ። እመልሰዋለሁ።»

«ለልጆቹ ብለሽ ነው፤ ይገባኛል» አላት። «ብትነግሪኝ ግን አላመጣትም ነበር። ከትናንት ጀምሮ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ተኝታለች። እህል አልቀመሰችም።»

ዓያንቱ ሦስት ወር ከኮሚቴው ጋር ተጨቃጨቀች። ሥራውን እለቃለሁ እስከ ማለት ደረሰች። በመጨረሻ አቶ ፋኦል በኦራሉ ጀርባ ሁለተኛ ቁልፍ ይሁን፣ መስማት የፈለገ ይስማ ብለው ፈቀዱ። ሙሉውን ድምፅ ያስገባች ዕለት ለአምባው ደወለች።

«እማ ባለፈው ሐሙስ ዐረፈች» አላት። ቀጥሎ፣ «በርቺ» ብሎ ስልኩን ዘጋ። ከዚያ ወዲያ ወደ አዳራሹ አልመጣም፤ የተሰበረውን ሁሉ ሌላ አናጢ ይጠግነዋል።

ልጆቹ «ኮቱ! ኮቱ!» እያሉ በኦሮምኛ እየተጠራሩ ኦራሉን ይወርሩታል፤ ጥሩምባውን ያስጮሃሉ። የጀርባውንም ቁልፍ ይጫኑታል፤ አብዛኞቹ ግን የሻሽቱ ስም ሳይጠራ ይሄዳሉ። አንድ ቀን ከጎሬ የመጣች ተማሪ እስከ መጨረሻው ሰማችና ወደ ዓያንቱ ዞረች።

«መምህር፣ የት ነው የተቀበረችው?»

«አይታወቅም።»

«ሄዶ የፈለጋት ሰው የለም?»

ዓያንቱ ካርታው ላይ ከበደሌ እስከ መቱ ያለውን መንገድ በጣቷ ተከተለች። ልጅቷ ጥቂት ጠበቀቻትና ጓደኞቿን ተከትላ ወጣች።