የእማማ ደብሪቱ ድሪ

አብዱልሐሊም አፍና አፍንጫውን በፎጣ ጠቅልሎ፣ ከመስታወቱ ዕቃ የሚወጣውን ቀይ ዳማ ጭስ እየሸሸ አሲድ ሲጨምር የግቢው በር ተንኳኳ። መርሳ ያለችው ወርቅ ቤቱ በጦርነቱ ተዘርፋ ባዶዋን ከቀረች ወዲህ ኑሮው ይኸው ነው። በወርቅ የተለበጡ ስብርባሪ ጌጦችን ከሐራ ገበያ በርካሽ ይገዛል፤ መዳቡን በአሲድ ያሟሟና ሳይሟሟ የሚቀረውን ስስ የወርቅ ቅርፊት አጥቦ ያቀልጣል። ልባጡ ወፍራም ካልሆነ የአሲዱን ዋጋ እንኳ አይመልስም። የአንድ ወር ልፋቱ ሽምብራ የሚያካክሉ ሦስት የወርቅ ፍሬዎች ነበሩ።

በር ላይ የቆሙት እማማ ደብሪቱ የሚባሉ ከወልዲያ በላይ የመጡ ገበሬ ነበሩ። ከነጠላቸው ጫፍ አንድ የአንገት ድሪ ፈቱ።

"ከአባትህ ከሙሐመድዘይን ነው የገዛሁት። ሌላ ሰው አላምንም ብዬ ወልዲያን አልፌ መጣሁ።"

"ሊሸጡት ነው?"

"ለልጄ ለይታገሱ ተዝካር። በኅዳር ታጣቂዎች ወርቁን አምጣ አሉት። የቀበርንበትን አልናገርም አለ። 'የእናቴ ነው' አለ። እደጃፌ ላይ ጣሉት።"

አብዱልሐሊም ወደ ውስጥ ገብቶ የድሪውን መቆለፊያ በሞረድ ነካ አደረገው። ከቢጫው ሥር ቀይ መዳብ ብቅ አለ። አጠገቡ የአባቱ ማኅተም አለ። አባቱ ከሞቱ ሦስት ዓመታቸው ነው፤ በወርቃቸው የተጠራጠረ ሰው አልነበረም።

"ምነው ዘገየህ ልጄ? ወርቅ አይደለም እንዴ?"

"ወርቅ ነው፣ እማማ።"

በጓሮ ወጥቶ የወር ልፋቱን ለጎረቤት ነጋዴ ሸጠና የሙሉ ወርቅ ዋጋ ሰጣቸው። እማማ ደብሪቱ አባቱን መርቀው ሄዱ።

ሚስቱ ለይላ የተሞረደውን ድሪ አንስታ አየችው።

"ዋሸሃቸው።"

"ልጅዎ ለመዳብ ሞተ ልበላቸው? አባቴ የወሰደውን መለስኩ፤ አለቀ።"

አላለቀም። ድሪውን አሲድ ውስጥ ሊጨምር ሦስት ጊዜ አንስቶ ሦስት ጊዜ መለሰው። ጭሱ ሲነሳ፣ ሲሰግድ ሳይቀር፣ ከኋላው አንድ የማያውቀው ጎልማሳ "የእናቴ ነው" የሚል ይመስለዋል። ዞር ሲል ማንም የለም።

በሳምንቱ ሦስት ሴቶች በሩን አንኳኩ።

"እማማ ደብሪቱ ናቸው የላኩን" አለች አንደኛዋ። "ደህና ዋጋ ይሰጣችኋል አሉን።"

ሦስቱም የዘረጉት ያንኑ የሚመስል ድሪ ነበር፤ ማኅተሙም ያው።

ለይላ ወደ ጓዳ ሳበችው። "ዛሬ አልገዛም በላቸውና ሸኛቸው።"

"ከዚህ ወጥተው ወልዲያ ይሄዳሉ። እዚያ ያለው ወርቅ ሠሪ ይሞርደዋል። እስከ ማታ እማማ ደብሪቱ ጆሮ ይደርሳል።"

"ታዲያ ምን ልታደርግ ነው?"

ፎጣውን ከአንገቱ ፈታ፤ የአሲዱን ዕቃ ከደነ፤ የእማማ ደብሪቱን ድሪ ከመሳቢያ አውጥቶ ኪሱ ከተተ።

"ያዙት ጌጣችሁን" አላቸው ሴቶቹን። "የምነግራችሁ ነገር አለኝ። ግን መጀመሪያ እማማ ደብሪቱ መስማት አለባቸው፤ ያውም ከእኔ።"

ቀድሟቸው ወጥቶ ወደ ወልዲያ የሚሄደውን ሚኒባስ በእጁ አስቆመ።