የሰው አገር መርዶ

"ከዚህ እንደ ወጣን ለእምዬ ሻሽ እንገዛላታለን፤ አደራ፣ እንዳታስረሳኝ" አለ ጀላል፣ የቲያትር ቤቱን ወንበር በመዳፉ እየጠረገ።

"እሺ" አለ መሐመድአወል።

ሌላ ምን ይበል! የጀላል እናት ወይዘሮ ዘሊካ ከሞቱ ወር አልፏቸዋል። ጀላል አልሰማም። መሐመድአወል ግን ያውቃል።

ሁለቱም የወረታ ልጆች ናቸው፤ አባቶቻቸው ገበያው ዳር ጎን ለጎን ሱቅ አላቸው። ዲን ሊማሩ ካይሮ ከመጡ ዓመታት አልፈዋል። ጀላል ዘንድሮ ጨርሶ በቅርቡ ከስዌዝ ወደብ በመርከብ ወደ ምጽዋ ሊሻገር ነው፤ መሐመድአወል ገና ይቀረዋል። ወሬውን ያመጣው ዓይኑን ሊታከም ካይሮ ብቅ ያለ የወረታ ነጋዴ ነው። ወይዘሮ ዘሊካ ሕመም ሲጠናባቸው ወንዛዬ ፍል ውኃ ወረዱ፤ ተሻላቸውም። ሲመለሱ ግን የጉማራ ወንዝ ሞልቶ ስለነበር ማዶ አደሩ፤ እዚያው ብርድ መታቸውና ወረታ ሳይደርሱ አረፉ። ነጋዴው ይህን ነግሮ ሲያበቃ የአባትየውን ቃል አደረሰ፦ ልጁ አገሩ እስኪገባ ድረስ እንዳይሰማ።

አባትየው አላጠፉም። በወረታም በፎገራም መርዶ በሰው አገር አይነገርም፤ ባለቤቱ አገሩ እስኪገባ ይጠበቃል። ጎህ ሳይቀድ ዘመድ ጎረቤቱ ይሰበሰባል፤ ጉልበት ያላቸው ግራና ቀኝ ይቆማሉ፤ ከዚያ ነው አንድ ሽማግሌ አፉን የሚከፍተው። እስላሙም ክርስቲያኑም በዚህ አንድ ነው። እውነትም መርዶ ማርዳት፣ አያያዙን ላላወቀበት ሰው፣ ማረድ ነው።

መሐመድአወል አደራውን ተቀብሎ ሆድ ይፍጀው አለ። ሆድ ግን የፈጀው ራሱን ነው። ጀላል የእናቱን ነገር ባነሣ ቁጥር አብሮ መሳቅ አለ፤ ፈተናው እስኪያልቅ ሳቀ፣ ካለቀም በኋላ ሳቀ። ክፍሉ ሲገባ ጫማውን ሳያወልቅ ይጋደምና ግድግዳ ያያል። መድከም ብቻ አይደለም፣ መሮታል። ዛሬም ከጁምዓ በኋላ ቲያትር እንግባ ያለው ጀላል ነው፤ አገሬ ገብቼ ቲያትር ምን ይመስላል ብለው ቢጠይቁኝ ምን ልመልስ ነው ብሎ። መሐመድአወል እሺ ያለው ለቲያትሩ አይደለም። ቤቱ ጨለማ ነው ሲሉ ሰምቷል፤ ጨለማ ውስጥ ደግሞ ፊትን ማስተካከል የለም።

መጋረጃው ተከፈተ። የገበሬ ቤት ነው፤ አንዲት ሴት ተቀምጣ እህል ታበጥራለች። ባሏ ቦይ ሊቆፍር ርቆ ሄዷል፤ ሲመለስ የምታበላውን እያወራች ለብቻዋ ትስቃለች። ጀላልም አብሯት ሳቀ። በዚህ መካከል አንድ ሰውዬ መጣና በሩ ላይ እንደ ቆመ፣ ሰላምታውን እንኳ በወጉ ሳያደርስ፣ ባልሽ ሞቷል አላት። ሰፌዱ ከእጇ ወደቀ፤ እሷም ተከትላ ወደቀች።

ጀላል ከወንበሩ ብድግ አለ።

"ያዟት እንጂ!" ብሎ ጮኸ፣ በአማርኛ። "ሰው የለም ወይ! ያዟት!"

ከፊት ያሉት ዞሩ፤ አንዳንዱ ሳቀ፤ ከኋላ ተቀመጥ የሚል ድምፅ ተሰማ። መሐመድአወል ኮቱን ጎትቶ አስቀመጠው። ጀላል ግን ገና ወደ መድረኩ ያመለክታል።

"አየኸው ይህን ሰውዬ? ብቻዋን ተቀምጣ፣ እሱ በር ላይ ቆሞ! እንዲህ ከሚያረዳት መንገድ ቢቀር አይሻልም?"

"ቲያትር ነው እኮ።"

"ይሁና። ቲያትር ቢሆንስ ሥርዓት የለውም?"

መሐመድአወል ከዚያ ወዲያ መድረኩን አላየም። ነግሬ ልገላገል ብሎ ጀምሮት የነበረው ሐሳብ እዚያው ተሰበረ። ዝም ልበል ሲል ደግሞ መርከቡ ታየው፣ ከአስመራ የሚነሣው የጭነት መኪና ታየው፣ ጀላልም መንገዱን ሁሉ የእናቱን ሻሽ እያሳየ ሲሄድ ታየው። አገሩ ገብቶ በሰማ ማግስት ማን ያውቅ ነበር ብሎ ይጠይቃል፤ መልሱ አወል ነው። ያም ያንገበግባል፣ ይህም ያንገበግባል።

ሲወጡ ፀሐይ አልጠለቀችም። ጀላል እጁን ይዞ ወደ ጨርቅ ሱቆቹ ወሰደው፤ ድንጋጤው ለቆት ወሬ ጀምሯል። የመስኮቱን ሻሽ በጣቱ እያሳየ፣ "አረንጓዴው ይሻላል ቀዩ? እምዬ ቀይ አትወድም መሰለኝ" አለ።

መሐመድአወል ከመስኮቱ ፈቀቅ አለ። መዋሸቱን ችሎት ነበር፤ ለሞተ ሰው ቀለም መምረጥ ግን አቃተው።

"ዛሬ ይቅርብን።"

"ነገስ?"

"ነገም አይመችም። ጎህ ሲቀድ፣ ከሱብሒ ሶላት በኋላ፣ ያገራችን ልጆች አንተ ክፍል እንሰባሰባለን።"

ለስንብት ነው ሊል ነበር። ሲሸፋፍን የኖረ አፍ ሰዓት አይመርጥምና እንዲያው ያገኘውን ወረወረ፤ ምን እንዳለ የገባው ከተናገረ በኋላ ነው። የወረታ ልጅ ደግሞ በጎህ ሰው ቤቱ ሲሰበሰብበት ምክንያቱን የሚነግረው አያሻውም።

ጀላል ከመስኮቱ ቀስ ብሎ ዞረ።

"በጎህ?" አለ።

"ለስንብት ነው።"

"ስንብት በጎህ አይደረግም፣ አወል።" የመሐመድአወልን ኮት ጨበጠ። "ንገረኝ። አባባ ነው? እምዬ ናት?"

መሐመድአወል ዙሪያውን ቃኘ። ትራሙ እየጮኸ ያልፋል፤ ሰዉ በየፊናው ይተራመሳል፤ ግራና ቀኝ የሚቆም አንድ ያገር ሰው የለም። ጀላልን ከመንገዱ ፈቀቅ አድርጎ ከግንቡ አስጠጋው። እጆቹን በብብቱ ሥር አሳልፎ ከጀርባው አቆላለፈና አጥብቆ ያዘው። አፉን የከፈተው ከዚያ በኋላ ነው።