የፌንጣው እግር

የሸረሪት ቤቱ ጠባቂ ክዳኖቹን ራሱ አጥቦ፣ ራሱ አድርቆ፣ ራሱ ነበር የገጠማቸው። ስሞቹ የተለጠፉት ግን በሳጥኖቹ ላይ ሳይሆን በክዳኖቹ ላይ ነው። ይህ ትዝ ያለው ታላቅ እህቱ ሳጥን ስትወለውል ተነክሳ፣ እጇን ይዛ ከተቀመጠች በኋላ ነበር።

የነከሰቻት ሸረሪት አምልጣ መደርደሪያ ሥር ገብታለች። የባዶው ሳጥን ክዳን «ፌንጣ በል» ይላል፤ የጎረቤቱ ደግሞ «እንሽላሊት በል»። ሁለቱ ሸረሪቶች በመልክ አይለዩም፤ መርዛቸው ግን እንደ አደናቸው ነው። የፌንጣ በሏ መርዝ ፌንጣን ባፍታ ይጥላል፣ ሰውን ግን ከማሳከክ አያልፍም። የእንሽላሊት በሏ መርዝ ለፌንጣ ሰነፍ ነው፤ አጥንት ያለውን ፍጡር ግን በአንድ ሰዓት ውስጥ ትንፋሹን ይዘጋዋል።

የተጠራችው ሐኪም የእንሽላሊት በሏን መርዝ ማርከሻ በመርፌ ሞልታ ቆማለች።

«አምና ይኸው ማርከሻ የእህትህን ጉሮሮ ዘግቶት ለጥቂት ነው የተረፈችው። ሳያስፈልጋት ብወጋት እኔው ገደልኳት። አስፈልጓት ብተወውም ያው ነው። የትኛዋ ናት?»

ጠባቂው ወደ ክዳኖቹ አየ። «ክዳኖቹን አለዋውጫቸው ይሆናል። አላውቅም።»

«ቀስ በል፣» አለች እህቱ፤ በልጅነቱ ያወጣችለት ስም ነው። «ዛሬ እንኳ ቶሎ በል።»

በጎረቤቱ ሳጥን የቀረችውን ሸረሪት አየ። በወረንጦ አንድ ፌንጣ አንሥቶ ጣለላት።

«ይቺ ባፍታ ከጣለችው ፌንጣ በሏ እሷ ናት፤ እህቴን የነከሰቻት ሌላዋ ናት ማለት ነው። ፌንጣው ከቆየ ግን መርፌው ይቅር።»

ሸረሪቷ ንቅንቅ አላለችም። የእህቱ እጅ እስከ አንጓዋ አበጠ።

«እንግዳ ፊት አልበላም ብላ ነው፣» አለች እህቱ።

ሸረሪቷ ዘለለች። ጥርሷን ስትተክል አይቶ መቁጠር ጀመረ። ዕድሜውን ሙሉ ፌንጣ ሲሞት ቆሞ ያየ ሰው፣ ዛሬ ለአንድ ፌንጣ ዕድሜ ለመነ። ዐሥር ላይ ይራገጣል። ሃያ ላይ እግሩ ቆመ። ሐኪሟ የእህቱን እጅጌ ሰበሰበች።

«ትንሽ ታገሺኝ።»

ሃያ ሦስት ላይ ፌንጣው እንደገና ተራገጠ። ሃያ አራት ላይ ደገመ።

«መርዟን ሳትረጭበት ቀርታ ቢሆንስ?» አለች ሐኪሟ።

«ሁለት ቀን አልበላችም። የተራበች ሸረሪት መርዝ አትቆጥብም።»

ሥልሳ ላይ ፌንጣው አሁንም እየተንፈራገጠ ነበር፤ እየደከመ፣ በዝግታ።

«እንሽላሊት በሏ ይቺ ናት፣» አለ።

ሐኪሟ መርፌውን አስቀመጠች፤ ግን አልሄደችም። ወንበር ስባ ሰዓቷን እያየች የእህቱን ትንፋሽ ትቆጥር ጀመር። ሰዓቱ ሲሞላ እህቱ እጇን እያከከች ነበር።

«ቀስ በል፣ ያቺን ከመደርደሪያው ሥር አንተው አውጣት። እኔ አልጎነበስም።»

እሱ ግን ሙጫ ይፈልግ ነበር፤ ስሞቹን ሳጥኖቹ ላይ ሊለጥፍ።